ስፋቱ ከእጅህ ይምጣ፦ ጊታር በኮምፒውተር ለሚቀዳ ወጣት

ልጄ፣ ከሚሴ ላይ ተቀምጠህ በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንዲት ትንሽ ሳውንድ ካርድ፣ በአንድ ማይክና በአንድ አኮስቲክ ጊታር ሙዚቃ መቅዳት መጀመርህ ደስ ያሰኘኛል። በእኛ ጊዜ ዘፈን ማስቀዳት ማለት ስንቅ ይዞ አዲስ አበባ መሄድ፣ ዘመድ ቤት ማደርና የስቱዲዮ ተራ መጠበቅ ነበር። ዛሬ ከጨፋ፣ ከባቲ፣ ከሰንበቴ የሰማኸውን ዜማ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ቤትህ ሆነህ ታስቀራለህ። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ከአንተና ከጓደኞችህ ጋር ስንጫወት ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ጊታሩ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙን እንዲሞላ የትኛውን ስቴሪዮ ዋይደነር (ማስፊያ) ልጫንበት?» ትሉኛላችሁ። ፍላጎታችሁ ትክክል ነው፤ ሰፊ ድምፅ ያምራል። መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ በተራ ቁጥር ላስቀምጥላችሁ። «አንተ» እያልኩ ብጽፍም ለእህቶችህም ነው። ሁሉንም የሚያስረው ሐሳብ አንድ ነው፦ ስፋትን መጀመሪያ ከአጨዋወትህና ከአቀዳድህ ፈልገው፤ ማስፊያው ፕለጊን በመጨረሻ ይምጣ፤ ዘፈንህ ግን ያለ እሱም መቆም አለበት።

1. ስፋት ምን እንደሆነ ሳታውቅ አታስፋ።

የሰው ሁለት ጆሮዎች በጭንቅላቱ ወርድ ያህል፣ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ከግራህ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮህ ጋ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቀኙ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶና ትንሽ ደክሞ ነው። መዘግየቱ ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ አእምሮ ግን ከዚህች ሽርፍራፊ ጊዜ ተነስቶ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይለያል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብለምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ለኢኤምአይ ኩባንያ እየሠራ የስቴሪዮ ቀረጻን የፈጠራ መብት ያመለከተው ይህንኑ የጆሮ ተፈጥሮ ይዞ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ያዝ፦ ስፋት ማለት በግራና በቀኝ መካከል ያለ ልዩነት ነው። በአንድ ማይክ የቀዳኸው ጊታር በሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚወጣ መሐል ላይ ይቆማል። ድምፁን ብትጨምርለት ይጎላል እንጂ አይሰፋም። ትራኩን ኮፒ አድርገህ አንዱን ግራ ሌላውን ቀኝ ብታስቀምጠውም ያው መሐል ነው፤ ልዩነት የለማ። ማንኛውም ማስፊያ ከሁለት ነገሮች አንዱን ነው የሚያደርገው፦ ያልነበረ ልዩነት ይፈጥራል፣ ወይም የነበረውን ያጎላል። ስለዚህ ስፋት በሰማህ ቁጥር «ይህ ልዩነት ከየት መጣ?» ብለህ ጠይቅ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

2. አድማጭህ በምን እንደሚሰማህ አስብ።

አንተ በጆሮ ማዳመጫ ትሠራለህ፤ ያገርህ ሰው ግን ሥራህን በብዛት የሚሰማው በሌላ ነገር ነው። ተማሪው በስልኩ ስፒከር ይሰማሃል። የባጃጁ ሾፌር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ላይ እየተመላለሰ በፍላሽ ይሰማሃል፤ አንዱ ስፒከር ብቻ የሚሠራበትም ብዙ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ሙዚቃ የሚለቀው ሻጭ አንዲት ብሉቱዝ ስፒከር ይዟል። ሠርግ ላይ ደግሞ ሞንታርቦው ይሰማል። ሞንታርቦ ግራና ቀኝ ቢቆምም ከዳሱ ጥግ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው፤ ባለሙያዎቹም በዚህ ምክንያት ሁለቱን ቻናል ቀላቅለው አንድ ያደርጉታል።

ሬዲዮም ቢሆን እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ጸድቆ በዓለም የተስፋፋው የኤፍ ኤም ስቴሪዮ አሠራር በዋናው መስመር የሚልከው የግራና የቀኝን ድምር ነው፤ ልዩነታቸውን ለብቻው በ38 ኪሎ ኸርዝ ላይ ጭኖ ያስከትለዋል። ማሰራጫው ሲርቅ ወይም ተራራ ሲጋርደው ሬዲዮኖች ልዩነቱን ጥለው ድምሩን ብቻ ያሰማሉ። በእኛ አካባቢ ካሉት ሸንተረሮች ጀርባ የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ይህ ድምር ብቻ፣ ማለትም ሞኖ ነው።

ስለዚህ ሞኖ በአድማጭህ እጅ ያለ ነገር እንጂ የድሮ ነገር አይደለም። ጊታርህ ግራና ቀኙ ሲደመር የሚጠፋ ከሆነ ዘፈንህ ለገበያው፣ ለባጃጁና ለሠርጉ ሳይደርስ ይቀራል።

3. ጊታሩን ደረቁን ቅዳው።

ሪቨርብም፣ ኮረስም፣ ማስፊያም ሳይነካው ቅዳ። እየተጫወትክ ለስሜትህ ትንሽ ሪቨርብ መስማት ከፈለግህ በጆሮ ማዳመጫህ ብቻ ይሁን፤ ፋይሉ ላይ አይታተም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ ብትቀዳ ለማንኛውም ሥራ ይበቃሃል። ደረቁን ትራክ ሰይመህ በሌላ ፍላሽ ላይ አንድ ቅጂ አስቀምጥ፤ መብራት ድንገት ሊጠፋ ይችላልና እየሠራህም ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ። ኢፌክት ሁልጊዜ ይጨመራል፤ የታተመ ኢፌክት ግን አይነሳም። የዛሬ ዓመት ጆሮህ ሲበስል ወደዚያ ፋይል ተመልሰህ የተሻለ ትሠራለህ።

4. ከጊታሩ በፊት ክፍሉን አሰናዳ።

የቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል የራሱ ድምፅ አለው። ማስፊያ ደግሞ የጊታሩን ያህል፣ አንዳንዴም ከጊታሩ ይልቅ፣ የክፍሉን ድምፅ ያጎላል፤ ምክንያቱን በቁጥር 8 ታገኘዋለህ። ከኋላህና ከጎንህ ፍራሽ አቁም፣ ገመድ ወጥረህ ብርድ ልብስና ጋቢ አንጠልጥል፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፍ። ከክፍሉ ትክክለኛ መሐልና ከማዕዘን ራቅ በል። ከሚሴ ሞቃት ናትና ቬንቲሌተር ማጥፋት ይከብዳል፤ ቢሆንም በምትቀዳባት ደቂቃ አጥፋው። ከኢሻ በኋላ አስፋልቱ ላይ መኪና ሲቀንስ ወይም ከሱብሂ በፊት ብትቀዳ ጸጥታውን ታገኛለህ።

5. ለስፋት ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ተጫወት።

ይህ ከምክሮቼ ሁሉ የምወደው ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ያንኑ ግርፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ቅዳ። ከዚያ በሌላ ትራክ ላይ እንደገና ተጫውተህ ቅዳ። አንዱን በፓን ወደ ግራ ጥግ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ጥግ አድርግ። ወዲያው ክፍሉ ሲከፈት ትሰማለህ። ልዩነቱ የመጣው ከሰው እጅ ነው፤ ሁለተኛው ግርፍ ከመጀመሪያው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፣ አንዷ ክር ትጠነክራለች፣ ሌላዋ ትለሰልሳለች። ይህ ልዩነት በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ ጆሮን አያሰለችም።

ሞኖ ሲሆንስ? ሁለቱ አጨዋወቶች ስለማይመሳሰሉ አይጠፋፉም። መሐል ካለው ድምፅ አንጻር ጊታሩ ወደ 3 ዴሲቤል ዝቅ ይላል እንጂ እዚያው ይኖራል፤ ባጃጁም ሞንታርቦውም ውስጥ ይሰማል።

ይህ እንዲሠራ ግን አጨዋወትህ የሠለጠነ መሆን አለበት። በክሊክ ተጫወት። ሁለተኛውን ስትቀዳ መጀመሪያ የቀዳኸውን በጆሮህ ዝቅ አድርገህ ስማው። ምቱ በሰፊው ከተራራቀ ውበት ሳይሆን መንተባተብ ነው የሚሆነው፤ ያንን ፕለጊን አያድነውም፣ ልምምድ ነው የሚያድነው። ይበልጥ እንዲሰፋ ከፈለግህ ሁለተኛውን በሌላ የኮርድ ቅርጽ ተጫወተው። ለምሳሌ የመጀመሪያውን ሶል ኮርድ ያለ ካፖ ከተጫወትክ፣ ሁለተኛውን ካፖ 5ኛው ፍሬት ላይ አድርገህ በ«ሬ» ኮርድ ቅርጽ ብትይዘው ያው ሶል ይወጣል፤ ቀለሙ ግን ሌላ ነው። ፒክ መቀየርም ይረዳል። ብቻህን የምትጫወተውን ዜማ ግን አትደርበው። የባቲ ዜማ በአንድ ጣት እየተንቆረቆረ ሲወርድ አንድ ሰው ሆኖ ነው መሰማት ያለበት።

6. ሁለት ማይክ ካገኘህ በሥርዓት አቁማቸው።

ሁለት አንድ ዓይነት ማይኮች ከጓደኛህ ብትዋስ፣ ራሶቻቸው ሊነካኩ እስኪደርሱ አቀራርበህ በ90 ዲግሪ አጠላልፋቸው። ድምፁ ሁለቱም ጋ እኩል ሰዓት ስለሚደርስ ሞኖ ላይ አያጣላቸውም። ከጊታሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገህ ወደ 12ኛው ፍሬት አካባቢ አዙራቸው። የተሻለ ስፋት ከፈለግህ የፈረንሳይ ሬዲዮ ባለሙያዎች የተከሉት አቋቋም አለ፤ ማይኮቹ 17 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው በ110 ዲግሪ ይከፈታሉ። ከጆሮ አቀማመጥ ጋር ስለሚቀራረብ ድምፁ ተፈጥሯዊ ነው።

በየትኛውም አቋቋም ማይኩን በቀጥታ ወደ ቀዳዳው አትደግን። የብዙ ጊታሮች ሆድ ውስጥ ያለው አየር በ100 ኸርዝ አካባቢ ስለሚያስተጋባ ቀዳዳው ጋ ድምፁ ይጎርናል።

ጊታርህ ፒካፕ ካለው ገመዱንም ማይኩንም አንድ ላይ መቅዳት ትችላለህ። ነገር ግን ድምፅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ 30 ሳንቲ ሜትር የራቀው ማይክ ከፒካፑ ወደ 0.9 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ሁለቱን ከመቀላቀልህ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ሞገዱን አጉልተህ እያየህ የማይኩን ትራክ ቀደም እንዲል ሳብና አስተካክላቸው።

7. በዲሌይ የሚሠራውን ማስፊያ በጣም ተጠንቀቀው።

ብዙ ማስፊያዎች ውስጣቸው ይህ ነው፦ ጊታሩን ለሁለት ይከፍሉና አንዱን ጎን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ያዘገዩታል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ጆሮ በዚህ ያህል ጊዜ ተከታትለው የመጡ ሁለት ድምፆችን እንደ አንድ ይሰማቸዋል፣ አቅጣጫውንም ቀድሞ ከደረሰው ይወስዳል። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ድንቅ ነው። ጊታሩ ግን ወደቀደመው ጎን ማዘንበሉ አይቀርም።

ጉዳቱ የሚመጣው ሞኖ ላይ ነው። አንድ ድምፅ ከዘገየው ራሱ ጋር ሲደመር አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋል፣ አንዳንድ ቦታ ይጠፋፋል። መዘግየቱ 10 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ቀዳዳዎቹ 50፣ 150፣ 250 ኸርዝ እያሉ በየ100ው ይቀጥላሉ። አሁን የጊታርህን ክሮች አስብ። በተለመደው አስተካከል 4ኛው ክር፣ ሬ፣ 147 ኸርዝ ነው፤ 2ኛው ክር፣ ሲ፣ 247 ኸርዝ ነው። ሁለቱም ቀዳዳው ውስጥ ይወድቃሉ፤ መነሻ ድምፃቸው ከሙሉ ጉልበቱ በ20 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። 5ኛው ክር፣ ላ፣ 110 ኸርዝ፣ 3ኛውም፣ ሶል፣ 196 ኸርዝ ደግሞ የሚደጋገፉበት ቦታ ላይ ስለሚያርፉ ይጎላሉ። ስድስቱን ክሮች እኩል ገርፈህ የቀዳኸው ኮርድ ስልክ ላይ ሁለቱ ክሮች እንደቀጠኑ ይወጣል ማለት ነው። አድማጩ ምክንያቱን አያውቅም፤ «ጊታሩ ደከመ» ብሎ ያልፋል።

ሚሊ ሰከንዱን ብትቀይረው ቀዳዳዎቹ ይዛወራሉ እንጂ አይደፈኑም። ስለዚህ ዘፈኑን ተሸክሞ በሚሄደው ጊታር ላይ ይህን አታድርግ። ከኋላ ለምታስገባው ጌጥ፣ ቢጠፋም ዘፈኑን ለማይጎዳ ድምፅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ብትጠቀምበት አልከለክልህም።

8. «ጎኑን» ከማጉላትህ በፊት ጎን እንዳለው እይ።

ሁለተኛው ዓይነት ማስፊያ ድምፁን መሐልና ጎን ብሎ ይከፍላል። መሐል የግራና የቀኝ ድምር ነው፤ ጎን ደግሞ ግራ ሲቀነስ ቀኝ ነው። ጎኑ ሲጨምር ስፋቱ ይጨምራል። ሂሳቡ ግን ሁለት ነገር ይነግርሃል። አንደኛ፣ በአንድ ማይክ የተቀዳ ጊታር ጎኑ ዜሮ ነው፤ ዜሮን በምንም ብታበዛው ዜሮ ነው። ይህ መሣሪያ የሚጠቅመው በቁጥር 5 ወይም 6 እንደነገርኩህ ለቀዳኸው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ግራና ቀኝ ሲደመሩ ጎን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ጎኑ ውስጥ ብቻ ያስቀመጥከው ነገር ሞኖ ላይ የለም።

በሁለት ተቀራራቢ ማይኮች ስትቀዳ ደግሞ የጊታሩ ጉልበት በብዛት መሐል ላይ ነው፤ ከግድግዳው የተመለሰው፣ ከመንገድ የገባውና ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያንቋቋ የሚሰማው ግን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጎኑ ውስጥ ተከማችቷል። ጎኑን ስትጨምር እነዚህንም አብረህ ትጨምራለህ። ከ2 ወይም ከ3 ዴሲቤል በላይ አትሂድ።

የአንዱን ቻናል ሞገድ ገልብጦ «የሚያሰፋ» አሠራርም አለ። አንድ ዓይነት ድምፅ ላይ ይህን ብታደርግ ሁለቱ ቻናሎች ሲደመሩ ውጤቱ ዝምታ ነው። ይህን በፍጹም አታድርግ። መቅጃ ፕሮግራምህ የኮሪሌሽን መለኪያ ካለው ዓይንህ ከእሱ አይለይ፤ ወደ +1 ሲጠጋ ሁለቱ ቻናሎች ይመሳሰላሉ፣ 0 ላይ የማይገናኙ ናቸው፣ ከ0 በታች ወርዶ ከቆየ እየተጠፋፉ ነው። መርፌው ከ0 በላይ እንዲኖር አድርግ።

9. ቅኝትህን ለኮረስ አሳልፈህ አትስጥ።

ሦስተኛው ዓይነት ማስፊያ ድምፁን በጥቂቱ ያጣምማል፤ የግራውን ትንሽ ከፍ፣ የቀኙን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ ወይም እንደ ኮረስ እያወዛወዘ ይለቀዋል። ሞኖ ላይ ከዲሌዩ የተሻለ ይተርፋል። ለእኛ ሙዚቃ ግን የራሱ አደጋ አለው።

የወሎ ልጅ ነህና ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጆሮህ ይዘህ ነው ያደግኸው። ባቲ የጎረቤታችንን ከተማ ስም የያዘ ቅኝት ነው፤ ከዶ ብትነሳ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይላል። ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲም ወደ ላይኛው ዶ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። የባቲ ለዛ ያለው እዚያ ጠባብ ርቀት ውስጥ ነው፤ ጥሩ ተጫዋች ክሩን ገፋ ወይም ለቀቅ አድርጎ ልብ የሚነካውም እዚያ ነው። ግማሽ ድምፅ በ100 ሳንት ይለካል። ማስፊያው ግራውን በ15 ሳንት ከፍ፣ ቀኙን በ15 ሳንት ዝቅ ካደረገው በሁለቱ መካከል 30 ሳንት ተከፈተ፤ የግማሽ ድምፁ ሲሶ ገደማ ማለት ነው። ያች ገፋ ያደረግሃት ክር የት እንዳረፈች አድማጭ መለየት ያቅተዋል። የአምባሰል ሁለተኛ ድምፅም ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚርቅ ያው ይደርስበታል።

መሣሪያውን ከተጠቀምክ በየጎኑ ከ5 ሳንት አትለፍ፤ ያንንም ለኮርዱ ግርፍ እንጂ ለዜማው አታድርግ። ማሲንቆ ወይም ክራር አብሮ ካለ ደግሞ ጨርሶ ተወው፤ እነሱ በተጫዋቹ ጆሮ የተቃኙ ናቸው፣ የተጣመመ ጊታር አጠገባቸው ሲቆም ያሳጣቸዋል።

10. ቤዙንና ደረቁን ድምፅ መሐል ላይ ተው፤ ስፋቱን ለሪቨርብ ስጠው።

የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ላይ ይጀምራል። ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን አታስፋ፤ ስፋቱ ብዙም አይሰማም፣ ሲደመር ግን ጉልበት ያሳጣል። ብዙ ማስፊያዎች ከስንት ኸርዝ በላይ እንዲሠሩ መምረጫ አላቸው፤ እሱን ተጠቀም።

በአንድ ማይክ የቀዳኸውንና ደግመህ መጫወት የማትችለውን ጊታር ለማስፋት የማውቀው ደኅናው መንገድ ይህ ነው፦ ደረቁን ጊታር መሐል ላይ አስቀምጥ። በሌላ መስመር ስቴሪዮ ሪቨርብ ክፈት፣ ከጊታሩ ጥቂት ላክለት፣ የሪቨርቡን ቤዝ ቁረጥ፣ ከፈለግህም ማስፊያውን እዚያ ሪቨርብ ላይ ብቻ ጫን። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው ሰፊ ቦታ ያገኛል። ባጃጅ ውስጥ ያለው ደግሞ ሪቨርቡ ቢቀንስበት እንኳ ጊታሩን ሙሉውን ያገኛል። ሁለቱም አድማጮችህ ተከብረዋል ማለት ነው።

11. ስፋትን ለዘፈኑ ሐሳብ አውለው።

ሁሉም ነገር ሰፊ ከሆነ ሰፊ የሚባል ነገር አይኖርም። ዘፋኝና አንድ ጊታር ብቻ ከሆኑ ጊታሩን ከዘፋኙ ብዙ አታርቀው፤ አድማጩ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እንደሚያንጎራጉርለት ይሰማው። ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ዑድና ጊታር ይዞ ለዘመናት የኦሮምኛን ዘፈን ተሸክሞ የኖረው ድምፁና ክሩ ተቀራርበው ስለሚነጋገሩ ነው። ከበሮ፣ ቤዝ፣ ኪቦርድና ተቀባይ ካሉ ግን መሐሉ ለድምፃዊው ይለቀቅ፤ ጊታሮችህ ግራና ቀኝ ይሂዱ። ግጥሙ ላይ ጠበብ አድርገህ አዝማቹ ሲገባ ብትከፍተው ሰው ስፋቱን በደረቱ ይሰማዋል።

የቀደሙትን አጥና። አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራው ካሴት «ስቴሪዮ» የሚለውን ቃል በስሙ ላይ ይዞ ነበር የወጣው፤ ያን ጊዜ ስቴሪዮ ለአገራችን ሙዚቃ አዲስ ነገር ነበርና። ዛሬ ያን ሥራ ስንሰማ የሚይዘን ግን የሰላም ስዩም ጊታርና የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ እርስ በርስ ቦታ መሰጣጣታቸው ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ያደምጣል። በዚያ ዘመን የተሠሩት የምንወዳቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ በጥቂት ማይክ፣ ባንዱ አብሮ እየተጫወተ የተቀዱ ናቸው። ጠባብ ናቸው ብሎ የተዋቸው ሰው የለም።

12. ከመልቀቅህ በፊት ፈትነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ማስፊያን አብርተህ አጥፍተህ ስታወዳድር መጀመሪያ የድምፁን መጠን እኩል አድርግ፤ ጆሮ የጮኸውን ሁሉ የተሻለ ይመስለዋልና። ቀጥሎ ሙሉውን ዘፈን ሞኖ አድርገህ ስማ። ጊታሩ ከጠፋ፣ ከቀጠነ፣ ወይም የውኃ ቱቦ ውስጥ ያለ ከመሰለ ማስፊያውን ቀንስ፣ ካልተሻለው አውጣው። ከዚያ ወደ ስልክህ አውርደው፣ የሰፈር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠህ አሰማው፣ ሞንታርቦ ያለውን ጓደኛህን ለአንድ ዘፈን ያህል ለምነው። ጆሮህ ሲደክም ተወውና በማግስቱ ስማው። የሙዚቃ ሰው ላልሆነችው እናትህም አሰማት፤ ስለ ስቴሪዮ ሳይሆን ዘፈኑ ምን እንዳደረጋት ጠይቃት። እሷ ከነገረችህ ተነስተህ ነው የምታስተካክለው።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ ያልኩህ ከማስፊያ ላሸሽህ አይደለም። ማስፊያን ያወቀው ሰው ይጠቀምበታል፤ ያላወቀውን ግን ጊታሩን ይወስድበታል። እነ ባቲና እነ አምባሰል ከዚህ ምድር ተነስተው ኢትዮጵያን ያዳረሱት ምንም ማስፊያ ሳይኖር ነው። አንተ የዚያ ርስት ባለቤት ነህና ድምፃቸውን ሙሉ አድርገህ ለሚመጣው ትውልድ ማስተላለፍ ያንተ ድርሻ ነው። በዚህ ሳምንት አንዲት የባቲ ዜማ ምረጥ፤ ግርፉን ሁለት ጊዜ ተጫውተህ ግራና ቀኝ አድርገው፣ ዜማውን መሐል አስቀምጠው፣ አንድም ፕለጊን ሳትከፍት ሞኖም ስቴሪዮም አድርገህ ስማው። ስፋቱ በቂ ሆኖ ካገኘኸው እዚያው ተወው። ካልበቃህ ቁጥር 10ን ሞክር። እጅህ መጀመሪያ ላይ እምቢ ቢልህ አብሽር፤ በልምምድ ይገራል።

አላህ ጆሮህን ያብራልህ፣ ጣትህን ያፍታታልህ፣ ሥራህን ለአገር ያብቃልህ። አሚን በል፣ ከዚያም ጊታርህን አንሳ።